የበረሃ ካርታ ሲገጥማችሁ ከውሃው ጀምሩ

ጂኦግራፊ ሳስተምር ሁልጊዜ የምጠቀምበት ካርታ የአጋዴዝ ነው። አጋዴዝ የሰሜን ኒጀር ክልል ነው። ስፋቱ 667,799 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ከአገሪቱ መሬት ከግማሽ በላይ ማለት ነው። ሕዝቡ ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ቆጠራ ግማሽ ሚሊዮን አልሞላም። ከኒጀር ሕዝብ ከመቶ 3 እንኳ አይደርስም።

መጀመሪያ ድንበሩን ተዉት። እርሳስ ያዙና ውሃ ያለበትን ቦታ አክብቡ። የአይር ተራሮች ዝናብ ይስባሉ፤ ትልቁ ጫፍ ከ2,000 ሜትር በላይ ነው። ጎርፉ በደረቁ ወንዞች ወርዶ አሸዋው ስር ይሰርጋል። የኢፌሩዋንና የቲሚያ ሰዎች አትክልት የሚያለሙት ያንን ውሃ በጉድጓድ እያወጡ ነው። ወደ ምሥራቅ ስትሄዱ ቴኔሬ በረሃ ይመጣል። ከበረሃው ማዶ ካዋር የሚባል ረጅም ገደል አለ። ግርጌው ላይ ውሃ ስላለ ዲርኩና በጨውዋ የታወቀችው ቢልማ እዚያ ተመሠረቱ።

አሁን የተዋችሁትን ድንበር መልሱና ክልሉ የተከፈለባቸውን 6 ዲፓርትመንቶች (ወረዳ መሰል አስተዳደሮች) አስምሩ፦ አርሊት፣ ኢፌሩዋን፣ ችሮዜሪን፣ ኢንጋል፣ አደርቢሲናት፣ ቢልማ። ቢልማ ምሥራቁን በሙሉ ትሸፍናለች፤ ሰው ያለው ግን ያከበባችኋቸው ጥቂት ቦታዎች ላይ ነው። አርሊትን ውሃ አያስረዳትም። እሷን ከተማ ያደረጋት ዩራኒየም ነው።

የሕዝብ ቁጥር ስታዩ ወሩንም ጠይቁ። ዝናቡ ሲያበቃ፣ መስከረም አካባቢ፣ አርብቶ አደሮች ጨዋማውን ሣርና ውሃ ፍለጋ ከብትና ግመላቸውን ይዘው ኢንጋል ይሰባሰባሉ። ያን ጊዜ ኢንጋል ሌላ ከተማ ናት።

ነጥብ ሁሉ ከተማ አይደለም። ይቺን በጣም እወዳታለሁ፦ ቴኔሬ ውስጥ ብቻዋን የቆመች አንዲት ግራር ነበረች፤ በዙሪያዋ ሌላ ዛፍ የሚባል የለም። ትልልቅ ካርታዎች ላይ እንኳ ስሟ ይጻፍ ነበር። አጠገቧ የውሃ ጉድጓድ ስለነበረ ተጓዦች አቅጣጫ የሚይዙት በእሷ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1973 አንድ የጭነት መኪና ገጭቶ ጣላት፤ ዛሬ በቦታዋ የብረት ምልክት ቆሟል። ስለዚህ የምልክቶቹን መግለጫ ሳታነቡ አንድም ነጥብ እንደ ከተማ አትቁጠሩ።

መጨረሻ ላይ ማስመሪያ አንሱ። ዲፓርትመንቱን የሚመራው ፕሬፌ ነው፤ የክልሉ ገዥ ደግሞ አጋዴዝ ከተማ ይቀመጣል። ከቢልማ እስከ አጋዴዝ ቀጥታ መስመር ብትለኩ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ መሃሉ ቴኔሬ ነው። ሐኪምም፣ መምህርም፣ የቆጠራ ወረቀትም ይህንን አቋርጦ ነው የሚደርሰው። ለእያንዳንዱ ዲፓርትመንት እንዲህ ለኩና ርቀቱን ጎኑ ላይ ጻፉ፤ የአስተዳደር ሰንጠረዡን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።