አስፈሪም አስቂኝም የሆነ የወረርሽኝ ፊልም በሰሜን ሸዋ እንዴት ይሠራል

የወረርሽኝ ፊልም ለመሥራት የሚነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ከደሙና ከጩኸቱ ነው። እኔ ግን ከማዕዱ እንዲጀምር እመክራለሁ። እንግዳ ስናስተናግድ «በሞቴ ብላ»፣ «አፈር ስሆን ይህቺን ብቻ» እያልን እንለምናለን፤ ሳናስበው በየማዕዱ ሞትን ስንጠራ እንኖራለን። በጉርሻ የሚተላለፍ ገዳይ በሽታ ወደ አንድ የመንዝ ወይም የቡልጋ ቤት ቢገባ እነዚህ ቃላት አንዲት ፊደል ሳትለወጥባቸው እውነት ይሆናሉ፤ ሰሙ ራሱ ወርቅ ሆኖ ቁጭ ይላል። ሳቁና ፍርሃቱ ከአንድ አፍ የሚወጡት እዚህ ላይ ስለሆነ፣ በዚህ ጽሑፍ የምሰጠው ምክር ሁሉ ከዚህ የሚነሳ ነው።

ስክሪፕቱን ከመጻፍዎ በፊት የበሽታውን ሕግ በአንድ ገጽ ይጻፉ። በሽታው የፈጠራ ቢሆንም አሠራሩን ከእውነተኛ በሽታ ይዋሱ፤ በምን ይተላለፋል፣ በስንተኛው ቀን ምልክት ያሳያል፣ ምልክት ያላሳየ ሰውስ ያስተላልፋል ወይ? ኢንፍሉዌንዛ ብዙውን ጊዜ ከያዘ በኋላ ከ1 እስከ 4 ባሉት ቀናት ውስጥ ምልክት ያሳያል። የእብድ ውሻ በሽታ ግን ለሳምንታትና ለወራት ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፤ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል። በቅማል የሚዛመተው ተስቦ ደግሞ ብርዳማውን ደጋ ይወዳል፤ በአንድ ባና ሥር ተጠጋግቶ ማደር ለደገኛ የፍቅርም የጥንቃቄም ነገር ነውና፣ ለበሽታው ግን መንገድ ይሆንለታል። ለጉርሻ በሽታ ምልክቱ እስኪታይ ሁለት ቀን በቂ ይመስለኛል። አንድ የታመመ ሰው በአንድ ማዕድ ሦስት ሰው ቢያጎርስ፣ እነዚያም እያንዳንዳቸው ሦስት ሦስት ቢያጎርሱ፣ በአራተኛው ዙር ብቻ 81 አዲስ ሕሙማን ይኖራሉ። ይህን ስሌት ተዋናይ እንዲናገረው አያስፈልግም፤ አንዲት እጅ ከመሶብ ተነስታ ወደ ሦስት አፍ ስትሄድ ማሳየት ይበቃል። ሕጉን አንዴ ካወጡ ደግሞ ለቀልድ ብለው እንኳ አይጣሱት፤ በሽታው ቀልድ ማወቅ የለበትም፤ የሚያስቁት ሰዎቹ ናቸው።

ምልክቱን ሲመርጡ ከባህሉ የተገኘ ይሁን። እኔ የምመርጠው እጅን ነው፦ በሽተኛው ሲጸናበት ክንዱ ጉርሻ እንደጠቀለለ ወደ ፊት ተዘርግቶ ይቀራል፣ ከሞተ በኋላም አይታጠፍም። ለቅሶ ቤት የመጣ ዘመድ ያን የተዘረጋ እጅ አይቶ መሸሽ ይፈልጋል፤ ነገር ግን የሟቹን ጉርሻ እምቢ ብሎ በወጣ ሰው ላይ ሰው ምን ይላል? ካሜራው በዚያ ሰው ፊት ላይ ሳይነቃነቅ ሃያ ሰከንድ ቢቆይ ተመልካቹ ምን እንደሚያደርግ ሳያውቅ ይስቃል፣ ሳቁም መሐል ላይ ይቆረጣል። የዚህ ዓይነት ፊልም ሞተሩ ይሉኝታ ነው። ከሞት ይልቅ ነውርን የሚፈራ ሰው ያስቃል፣ ያሳዝናል፣ ያስፈራልም።

ንግግሩ በተቻለ መጠን ዕለታዊ ይሁን። ለምሳሌ አንዲት ወጣት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የአንዲት ባልቴት ቤት ገብታ «እትዬ፣ ሐኪሙ ጉርሻ ከልክሏል» ትላለች። ባልቴቷም «ሐኪሙማ ከልክሎ ሄደ፤ አንቺ ግን ያለሽው እኔ ቤት ነው። በሞቴ!» ይላሉ። እዚህ ቦታ ላይ ሁለቱም ሴቶች ትክክል ናቸው፤ ልጅቷ በእውቀቷ፣ እትዬ በፍቅራቸው። አንዷን ሞኝ ካደረጓት ትዕይንቱ ወዲያው ይረክሳል። የመንዝን አነጋገር ለማሳቂያነት ማጣመም፣ ገበሬን ምንም እንደማያውቅ አድርጎ መሳል፣ በሽተኛውን ራሱን መሳለቂያ ማድረግ በፊልሞቻችን የተለመደና የሚያሳዝን ስንፍና ስለሆነ ፈጽመው ይራቁት። የበሽታውን መነሻ ከቡዳ ጋር ማያያዝም አይገባም፤ በሸክላ ሠሪዎች፣ በቀጥቃጮችና በሸማኔዎች ላይ ስንት ዘመን የቆየውን ስም ማጥፋት ለአንድ ሳቅ ብሎ ማደስ በደል ነው።

ሰሜን ሸዋ ለዚህ ታሪክ በባዕድነት የሚመጣ ቦታ አይደለም። በ15ኛው መቶ ዘመን ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በደብረ ብርሃን ተቀምጠው ሳለ ወረርሽኝ ገብቶ ብዙ ሕዝብ እንደፈጀ፣ ንጉሡም መቅሠፍቱ ይርቅ ዘንድ በቅዱስ ቂርቆስ ስም ቤተ ክርስቲያን እንዳሠሩ ይነገራል። በ1911 ዓ.ም. የገባው የኅዳር በሽታ ደግሞ አልጋ ወራሹን ራስ ተፈሪን ጭምር አልጋ ላይ ጥሏቸው ነበር። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተጠረገ የሚቃጠለው፣ «ኅዳር ሲታጠን» የምንለው፣ ከዚያ መከራ ጋር ተያይዞ ይታወሳል። ለፊልም ሠሪ ይህ ቀን ትልቅ ስጦታ ነው። ማሽን ሳይከራዩ፣ ከየግቢው የሚወጣ እውነተኛ ጭስ አገሩን ሁሉ ይሸፍንልዎታል፤ ስለዚህ የወረርሽኙን ትልቁን የውጭ ትዕይንት ለዚያ ቀን ያቆዩት። ታሪኩንም በ40 ቀን ቢወስኑት መልካም ነው። ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣው በቬኒስ መርከቦች ለ40 ቀን ተለይተው ከሚቆዩበት ሥርዓት ነው፤ እኛ ዘንድም 40ኛው ቀን ተዝካር ነው። የመለያው ጊዜ ማብቂያና የመጀመሪያው ሟች ተዝካር በአንድ ቀን ላይ ሲውሉ፣ መንደሩ በሙሉ በደስታ ሊገባበዝ ሲሰበሰብ፣ ከዚህ የበለጠ የሚያስጨንቅ መጨረሻ ለማሰብ ያስቸግራል።

ለጉም ጣርማ በርን የሚያህል የለም። ከባሕር ጠለል በላይ ከ3000 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ በር፣ ጣልያኖች በፈለፈሉት ዋሻ አፍ ላይ ነጭ ጋቢ የለበሰ ሰው ቢቆም ያለ ምንም ሜካፕ ያስደነግጣል። ይሁን እንጂ ዋሻው ከባድ መኪና የሚመላለስበት ዋና መንገድ ስለሆነ ቀረጻው ከመንገዱ ውጪ፣ በፈቃድና መኪና የሚያሳልፍ ሰው ቆሞ መሆን አለበት። በጓሳ ሜዳ የጭላዳ መንጋ ሣር ሲነቅል የሚያሰማው ድምፅ ከሩቅ ብዙ ሰው በሹክሹክታ የሚያወራ ይመስላል፤ ለሐሰት ድንጋጤ ይጠቅማል፣ እንስሳቱን ግን አያባሯቸው። ለጠበል የመጡ ሕሙማንንና የተፈናቀሉ ወገኖቻችን የተጠለሉባቸውን ካምፖች እንደ መቅረጫ ቦታ አይጠቀሙ። ተኩስም አያሰሙ፤ በዚህ አካባቢ የተኩስ ድምፅ በቅርብ ያሳለፍነውን የሚያስታውስ እንጂ የሚያዝናና አይደለም።

ስለ ጡሩምባ ግን በደንብ መናገር እፈልጋለሁ። ከጓደኞቼ ጋር አንድ አጭር ፊልም ስንሠራ ለቀብሩ ትዕይንት ማለዳ ላይ ጡሩምባ አስነፋን። ቀበሌውን አስፈቅደን ነበር፤ ዕድሩን ግን አልነገርንም። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ከላይኛው መንደር ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው እየተጣደፉ መጡ፤ አንዲት እናት ማን እንደሞተ ሳይጠይቁ ማልቀስ ጀምረው ነበር። ነገሩን ስናስረዳቸው ዓይናቸውን ጠርገው «ልጄ፣ ጡሩምባ ሲሰማ ሁሉም የየራሱን ሰው ነው የሚያስበው» አሉኝ። የሠራነው ስህተት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ስለዚህ ከቀረጻው ከሳምንት በፊት የዕድሩን ዳኛ ያነጋግሩ፣ በስብሰባ ላይ ያሳውቁ፤ ጡሩምባውን ደግሞ ከመንደር ርቀው ለብቻው በድምፅ ይቅረጹትና በኤዲቲንግ ያስገቡት። ፊልሙ ውስጥ ሲገባ ያን ድምፅ ከአንድ ጊዜ በላይ አይጠቀሙበት።

ደም በብዛት አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገውን ያህል ግን በቤት ማዘጋጀት ይቻላል። ሁለት ኩባያ ስኳር በአንድ ኩባያ ውኃ እስኪጠነክር ያፍሉ፣ ቀይ የምግብ ቀለም ይጨምሩ፣ ከዚያ በጥፍር ጫፍ የምታህል የካካዎ ዱቄት ጣል ያድርጉበት፤ ያለ ካካዎው ደሙ ከረሜላ ይመስላል። በደብረ ብርሃን ብርድ ሽሮፑ ቶሎ ስለሚረጋ በፔርሙስ ይያዙት። በርበሬ ለቀለም ብለው የሚጨምሩ ሰዎች አይቻለሁ፤ ወደ ተዋናይ ዓይን ከገባ ቀረጻው እዚያው ያበቃል። ለቁስል ቫዝሊን በስንዴ ዱቄት ለውሰው በቆዳው ላይ ዳር ዳሩን አሳስተው ይለጥፉ። የምግብ ቀለም ከጋቢ ስለማይለቅ ተመሳሳይ ሁለት ጋቢ ያዘጋጁ፣ ደም የሚነካውን ትዕይንትም መጨረሻ ላይ ይቅረጹ። በጉርሻው ትዕይንት ላይ ተዋናዮቹ እጃቸውን ታጥበው፣ ለእያንዳንዱ አዲስ እንጀራ ቀርቦ፣ ምግቡ ሳይቀዘቅዝ ይሁን፤ ስለ በሽታ ፊልም እየሠሩ ሰው ማሳመም አይገባም።

የደጋው ነፋስ የንግግር ድምፅ ያበላሻል። ማይኩን ጸጉሩ ባልተላጨ የበግ ለምድ ቁራጭ፣ ጸጉሩን ወደ ውጭ አድርገው ቢሸፍኑት የነፋሱ ድምፅ በእጅጉ ይቀንሳል፤ በመንዝ ደግሞ ለምድ አይቸግርም። ባትሪ በብርድ ቶሎ ስለሚደክም መለዋወጫውን በኪስዎ፣ ከሰውነትዎ አስጠግተው ይያዙ። የሌሊቱን የቤት ውስጥ ትዕይንት በአንድ ፋኖስ ብቻ ይቅረጹ፤ ብርሃኑ ከመሶቡ ክዳን አልፎ የማይሄድ ከሆነ የጨለማውን ግማሽ ተመልካቹ ራሱ ይሞላዋል።

ኤዲት ሲያደርጉ የማሳቂያ ድምፅና የሚያስደነግጥ ሙዚቃ አያስገቡ። «በሞቴ» ከተባለ በኋላ ያለውን ዝምታ አያሳጥሩት፤ መጉረስና አለመጉረስ የሚወሰነው በዚያ ዝምታ ውስጥ ነውና። የመጀመሪያውን ቅጂ ፊልሙን ለሠራችሁበት መንደር፣ ከዕድር ስብሰባ በኋላ፣ በአንሶላ ላይ ያሳዩ፤ እርስዎ ግን አንሶላውን ሳይሆን የሰውን ፊት ይመልከቱ። ሰዎቹ በእትዬ ግትርነት ከሳቁ ትዕይንቱን እንዳለ ይተዉት። በበሽተኛው ላይ ከሳቁ፣ እርስዎ ምንም ያህል ቢወዱት፣ ያን ትዕይንት ቆርጠው ያውጡና እንደገና ያሳዩ።