የኬብል ኢንሱሌሽን በከፍተኛ ቮልቴጅ ስትፈትሹ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ኬብል የሚፈትሽ ሰው በደንብ የሚጠነቀቀው መሣሪያው በርቶ ሳለ ነው። ሲያጠፋው ዘና ይላል፤ እጁም ወደ ሽቦው ይሄዳል። ከስህተቶቹ ሁሉ በጣም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ስለሆነ ከእሱ ልጀምር።

መሣሪያው ጠፋ ማለት ኬብሉ ባዶ ሆነ ማለት አይደለም። ኬብል ራሱ ረጅም ካፓሲተር (ቻርጅ የሚያጠራቅም ዕቃ) ነው፤ መዳቡ በአንድ ወገን፣ ስክሪኑ (ኢንሱሌሽኑን ከላይ የሚሸፍነው የብረት ንጣፍ) ወይም መሬቱ በሌላ ወገን፣ ኢንሱሌሽኑ በመሃል። በዲሲ (አቅጣጫውን በማይቀያይር ከረንት) ስትፈትሹት ቻርጅ ይይዛል፣ ይዞትም ይቆያል። በኪሎሜትር 0.3 ማይክሮፋራድ ያለው የ10 ኪሎሜትር ኬብል በ5,000 ቮልት ሲሞላ ወደ 37 ጁል ያከማቻል፤ ይህ ለልብ አደገኛ ነው። «ሜገር የሚሰጠው ጥቂት ሚሊአምፔር ስለሆነ ከንዝረት አያልፍም» የሚሉ ሰዎች (ሜገር የኢንሱሌሽን መፈተሻ መሣሪያው ነው) የሚስቱትም እዚህ ላይ ነው። ከረንቱ የተገደበው በመሣሪያው ውስጥ ነው። ኬብሉ ያጠራቀመውን በሰው ላይ ሲለቅ የሚገድበው የለም።

ዲስቻርጁን፣ ማለትም ቻርጁን ወደ መሬት ማስወጣቱን፣ ለአፍታ ነክቶ መተው ደግሞ ተከታዩ ስህተት ነው። አዲስ ለሚገቡ ባለሙያዎች ሁልጊዜ የማሳያቸው ነገር አለ። የመሬት ዘንጉ (ከመሬት ጋር የታሰረው፣ እጀታው ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈው ዘንግ) ሽቦውን ሲነካ «ጣ!» ብሎ ብልጭ ይላል፤ ሁሉም አለቀ ብለው ያስባሉ። ዘንጉን አንስቼ ቮልትሜትሩን እንዲያዩ እነግራቸዋለሁ። ቁጥሩ ከዜሮ ተነስቶ ቀስ እያለ ሽቅብ ይወጣል። ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ሰርጎ የገባው ቻርጅ ወደ መዳቡ እየተመለሰ ነው። ስለዚህ ቮልቴጁ የቆየበትን ጊዜ ቢያንስ አራት እጥፍ መሬት ላይ አቆዩት፤ 10 ደቂቃ ከፈተሻችሁ 40 ደቂቃ ማለት ነው። ከሁሉ የሚሻለው ኬብሉ መልሶ እስኪገጠም ድረስ አለማንሳት ነው። ዘንጉን ስታስገቡ መጀመሪያ የመሬቱን ጫፍ እሰሩ፣ ከዚያ ሽቦውን ንኩ፤ ስታነሱ ግልባጩን። ብዙዎቹ አዳዲስ ሜገሮች ራሳቸው ዲስቻርጅ ያደርጋሉ፤ ነገር ግን በፍተሻው መሃል ክሊፑ ከሽቦው ከወለቀ የመሣሪያው ማሳያ ላይ የምታነቡት ዜሮ ስለ ኬብሉ ምንም አይነግራችሁም።

ሌላኛውን ጫፍ መርሳት። እናንተ ያላችሁበት ጫፍ ታጥሯል፣ ምልክት ተሰቅሏል፤ ከሁለት ኪሎሜትር በኋላ ያለው ጫፍ ግን ክፍት ሳጥን ውስጥ ተንጠልጥሎ ሊሆን ይችላል። እዚያም ያው 5,000 ቮልት ነው። አጥሩት፣ ሰው አቁሙበት፣ በሬዲዮ ተነጋገሩ። «ከ10 ደቂቃ በኋላ እጀምራለሁ» ብሎ በሰዓት መስማማት በፍጹም አይሆንም። ከዚያኛው ጫፍ «ርቄያለሁ፣ ጀምር» የሚል ድምፅ ሳትሰሙ ቁልፉን አትንኩ።

ከፍተሻው በፊት ኬብሉ ላይ ኃይል አለመኖሩን ሳያረጋግጡ መጀመርም የተለመደ ነው። ብሬከሩን አጥፉ፣ በራሳችሁ ቁልፍ ቆልፉት። ቴስተሩን መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ሞክሩት፣ ከዚያ ኬብሉን ለኩ፣ ከዚያ ቴስተሩን መልሳችሁ ሞክሩት። ሦስተኛውን ደረጃ ብዙ ሰው ይዘለዋል፤ ቴስተሩ በመሃል ተበላሽቶ እንደሆነ የሚያሳየው ግን እሱ ነው።

የማይፈተሹትን ሽቦዎች ክፍት መተውም አደጋ አለው። አንዱ ፌዝ ሲሞላ ጎረቤቶቹ ሳይነኩ ቻርጅ ይይዛሉ። ከስክሪኑ ጋር አንድ ላይ መሬት እሰሯቸው።

የቮልቴጅ ምርጫን በችኮላ አታድርጉ። ለ230/400 ቮልት መስመር የተለመደው ፍተሻ 500 ቮልት ዲሲ ነው፤ ንባቡም ከ1 ሜጋኦም ማነስ የለበትም። ኤሌክትሮኒክ ዕቃዎችን አስቀድማችሁ ንቀሉ። ላገለገሉ የኤክስኤልፒኢ (የፕላስቲክ ኢንሱሌሽን ዓይነት) ኬብሎች ከፍተኛ የዲሲ ፍተሻ ኢንሱሌሽኑ ውስጥ ቻርጅ ትቶ፣ ኃይል ሲመለስ ኬብሉ እንዲፈነዳ ሊያደርግ ይችላል፤ በ0.1 ኸርዝ ኤሲ መፈተሽ ይመረጣል።

ጓንትን እንደ ዋስትና የሚያዩም አሉ። ክፍል 0 የጎማ ጓንት የተሠራው እስከ 1,000 ቮልት ኤሲ ነው፤ ለ5,000 ቮልት ፍተሻ አይሆንም። ትክክለኛውንም ቢሆን ከማጥለቃችሁ በፊት ከአንጓው ጠቅልላችሁ አየሩን ወደ ጣቶቹ ግፉና ወደ ጆሯችሁ አስጠጉት፤ «ስስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ቀዳዳ አለው፣ ጣሉት።

ብቻችሁንም አትሥሩ። አጠገባችሁ ያለው ሰው የማጥፊያውን ቁልፍና የመሬት ዘንጉን ቦታ የሚያውቅ፣ ኬብሉ መሬት ሳይታሰር የወደቀን ሰው በእጁ እንደማይነካ አስቀድሞ የተነገረው ይሁን።