ሲስ እና ትራንስን በኬሚስትሪም በጄኔቲክስም እንዴት መለየት ይቻላል?

ሲስ እና ትራንስ የላቲን ቃላት ናቸው፤ አንዱ «ወዲህ ማዶ»፣ ሌላው «ወዲያ ማዶ» እንደ ማለት ነው። ሮማውያን ከአልፕስ ተራሮች ወዲህ ያለውን የጋሊያ ምድር ሲሳልፒና፣ ከተራሮቹ ወዲያ ያለውን ትራንሳልፒና ይሉት ነበር። ቃሉ የሚናገረው የነገሩን ምንነት ሳይሆን ያለበትን ቦታ ነው። ወንዙ ሳይታወቅ ማዶ አይባልም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ መጀመሪያ ወሰኑን ፈልጉ።

በኬሚስትሪ ወሰኑ ብዙውን ጊዜ ደብል ቦንድ፣ ማለትም ሁለት አተሞችን በእጥፍ የሚያያይዝ ትስስር ነው። በነጠላ ቦንድ የተያያዙ ካርቦኖች እንደ ልብ ይዞራሉ፤ ደብል ቦንድ ግን አያዞርም። በሁለቱ ካርቦኖች ላይ የሚያልፍ ቀጥ ያለ መስመር በእርሳስ አስምሩ። ከዚያ እያንዳንዱ ካርቦን የያዛቸውን ሁለት ነገሮች ተመልከቱ። አንዱ ካርቦን ሁለት ተመሳሳይ ነገር፣ ለምሳሌ ሁለት ሃይድሮጅን ከያዘ እዚያው አቁሙ፤ ሲስም ትራንስም የለውም። ብዙ ተማሪ ነጥብ የሚጥለው ይህን ሳያይ ስለሚያልፍ ነው። ካለፈ ግን በሁለቱም ካርቦኖች ላይ ያለውን ተመሳሳይ ነገር ፈልጉ፦ ከመስመሩ በአንድ ወገን ከሆኑ ሲስ፣ በተቃራኒ ከሆኑ ትራንስ። አራቱም የተለያዩ ከሆኑ ይህ አጠራር አይሠራም፤ ዜድ እና ኢ የሚባለውን ሥርዓት መጠቀም ግድ ነው።

ማሌይክ እና ፉማሪክ አሲድን ውሰዱ። ሁለቱም 4 ካርቦን፣ 4 ሃይድሮጅንና 4 ኦክስጅን አላቸው። ሲሱ ማሌይክ በ135 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ሲቀልጥ ትራንሱ ፉማሪክ እስከ 287 ድረስ ይቆያል። በማሌይክ ሁለቱ የአሲድ ጫፎች ጎን ለጎን ስለሆኑ እርስ በርሳቸው ይያያዛሉ፤ ሲሞቅም ውሃ አውጥተው ቀለበት ይሠራሉ። የፉማሪክ ጫፎች ግን ተራርቀው ከጎረቤት ሞለኪውሎች ጋር ስለሚያያዙ ክሪስታሉ ይጠነክራል። የወይራ ዘይት ዋና ቅባት የሆነው ሲሱ ኦሌይክ አሲድ በ13 ዲግሪ ገደማ፣ ትራንስ ወንድሙ ኤላይዲክ ደግሞ በ45 ገደማ የሚቀልጡትም በዚሁ የቅርጽ ልዩነት ነው። ይሁንና የሚረጋ ዘይት ሁሉ ትራንስ አይደለም። የፓልም ዘይት የሚረጋው ደብል ቦንድ የሌለው ቅባት ስለሚበዛበት ነው።

በጄኔቲክስ ወሰኑ ጥንድ በሆኑት ሁለት ክሮሞዞሞች (ዘረመሎችን በያዙት የዲኤንኤ ክሮች) መካከል ያለው ነው። አንድ ሰው በአንድ ዘረመል ላይ ሁለት ጎጂ ሚውቴሽን (የዲኤንኤ ለውጥ) ተገኘበት እንበል። ሁለቱ በአንድ ክሮሞዞም ላይ ከሆኑ ሲስ ነው፤ ሌላው ቅጂ ጤነኛ ስለሆነ ሪሴሲቭ (ሁለቱም ቅጂ ሲበላሽ የሚመጣ) በሽታው አብዛኛውን ጊዜ አይታይም። አንድ አንድ ከተካፈሉ ትራንስ ነው፤ ጤነኛ ቅጂ አልቀረም። የምርመራ ወረቀቱ ላይ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ ዓይነት ሊመስሉ ይችላሉ፤ ምክንያቱም ዲኤንኤን 150 ቤዝ (የዲኤንኤ ፊደል) ገደማ እየቆራረጠ የሚያነብ መሣሪያ ተራርቀው ያሉ ሚውቴሽኖችን አያገናኝም። ስለዚህ እናትና አባትን መርምሩ። አንዱ ከእናት፣ ሌላው ከአባት ከመጣ ትራንስ ነው። ሁለቱም ከአንድ ወላጅ ከመጡ ሲስ ነው። አንዱ ሚውቴሽን በሁለቱም ወላጆች ላይ ካልተገኘ ግን አዲስ የተፈጠረ ሊሆን ስለሚችል የወላጆች ምርመራ አይበቃም፤ ረጅም ቁራጭ የሚያነብ መሣሪያ ያስፈልጋል።

ሲስ-ትራንስ ፈተና የሚባለውም ከዚህ ይነሣል። አሜሪካዊው ሳይንቲስት ሲሞር ቤንዘር በ1950ዎቹ ቲ4 በተባለው ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ ላይ ሠርቶበታል፤ ሲስትሮን የሚለው ቃልም፣ ማለትም እንደ አንድ ዘረመል የሚሠራ የዲኤንኤ ክፍል፣ የመጣው ከዚያ ነው። በትራንሱ ሙከራ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ብልሽት ያለባቸው ሁለት ቫይረሶች ብቻቸውን የማይራቡበትን (የማይባዙበትን) ባክቴሪያ አብረው እንዲይዙ ይደረጋል። ከተራቡ ብልሽቶቹ በተለያየ ሲስትሮን ላይ ናቸው፤ ካልተራቡ በአንድ ላይ ናቸው። ግን ሲሱን ማነጻጸሪያ አትዝለሉ፦ ሁለቱንም ብልሽት የያዘ አንድ ቫይረስ ከጤነኛው ጋር ይግባ። በዚህኛው መራባት አለበት። ካልተራባ አንዱ ብልሽት ጤነኛውን ቅጂ ጭምር የሚያሸንፍ ዶሚናንት ነው፤ የትራንሱ ውጤትም ስለ ሲስትሮኑ ምንም አይነግራችሁም።