«መቀጮውንማ ከፈልን እኮ!» እና ሌሎች የካሳ ትዕዛዝ ስህተቶች

መጀመሪያ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። እዚህ አሜሪካ በፌደራል የወንጀል ጉዳዮች ማስተርጎም ስጀምር «ሪስቲቱሽን»ን «መቀጮ» እያልኩ ነበር የምተረጉመው። አንድ ቀን የተከሳሽ እናት «መቀጮውንማ ከፈልን እኮ!» ብለው ሞገቱኝ። የከፈሉት ለካ በእያንዳንዱ ከባድ ጥፋት ላይ የምትጣለዋን 100 ዶላር ነው። ካሳው ገና አልተነካም። መቀጮ ለመንግሥት ይገባል፣ ሪስቲቱሽን ግን ለተበዳዩ ነው፣ ሁለቱም ባንድ ሰው ላይ ሊወድቁ ይችላሉ። ከዚያ ወዲህ «ካሳ» እላለሁ።

አሁን ካሳ ወደምትጠየቁት ወደ እናንተ። «ዳኛዋ ችግሬን አይታ ትቀንስልኛለች።» አትቀንስም። እ.ኤ.አ. በ1996 የወጣው ሕግ (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) እንደ ማጭበርበርና ስርቆት ባሉ ጉዳዮች የተከሳሹ ኪስ ሳይታይ ሙሉ ኪሳራው ይከፈል ይላል። ድህነት የሚታየው በየወሩ ስንት ትከፍላለህ ሲባል ነው። የቤት ኪራዩንና አገር ቤት የሚላከውን ብር ዘርዝሮ ማልቀስ ድምሩን አንዲት ሳንቲም አያወርደውም። ቁጥሩን ራሱን ተከራከሩ፤ የኪሳራውን መጠን የማስረዳት ሸክሙ የዐቃቤ ሕግ ነው።

ስለዚህ የኪሳራውን ዝርዝር መስመር በመስመር አንብቡ። የተመለሰ ዕቃ ተቀንሷል? ጥፋተኛ ያልተባላችሁበት ነገር ተቀላቅሏል? በ1990 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ባንድ የክሬዲት ካርድ ጥፋት ያመነ ሰው በ21 ካርዶች የደረሰውን ከ90 ሺህ ዶላር በላይ ሊሸከም አይገባም ብሏል። (ክሱ የሴራ ወይም የማጭበርበር ዕቅድ ከሆነ ወይም በፕሊው፣ ማለትም ጥፋቱን አምናችሁ ከዐቃቤ ሕግ ጋር በምትፈርሙት ስምምነት፣ ከተስማማችሁ ይሄ ላይሠራ ይችላል፣ ቶሎ አትደሰቱ።) በ2018 ደግሞ አንድ ትልቅ ኩባንያ በራሱ ላካሄደው ምርመራና ለጠበቆች ያወጣው ወደ 5 ሚሊዮን ዶላር ካሳ ውስጥ አይገባም ተብሏል።

ተቃውሞ ደግሞ ቀን አለው። የፕሮቤሽን ኦፊሰሩ፣ ማለትም ተከሳሹን የሚያጣራውና የሚከታተለው የፍርድ ቤት ሠራተኛ፣ ከቅጣቱ በፊት የሚያዘጋጀው ሪፖርት ከደረሳችሁ 14 ቀን ነው ያላችሁ፣ ያውም በጽሑፍ።

አሁን ደሜን ወደሚያፈላው። ፕሊ ላይ ያለውን የኪሳራ ቁጥር ሳያዩ መፈረም! ግሪን ካርድ ያለህ ወንድሜ፣ ስማኝ። በማጭበርበር ወንጀል የተበዳዩ ኪሳራ ከ10 ሺህ ዶላር ካለፈ የኢሚግሬሽን ሕጉ ከከባዶቹ ተርታ ይመድበዋል፤ ከአገር ያስወጣል፣ ከመባረር የሚያድኑትም በሮች አብዛኞቹ ይዘጋሉ። የካሳ ትዕዛዙ ራሱ የኪሳራው ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብብህ እንደሚችል በ2009 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ወስኗል። ያስተረጎምኩለት አንድ ሰው ወረቀቱ ላይ 11 ሺህ ምናምን ተጽፎ ነበር። ጠበቃው «እንከራከር?» ሲለው «ለአንድ ሺህ ዶላር ብለን ዳኛዋን እናስቀይም?» አለ። እስር እንደማይገባ አውቆ ነበር፣ ደስ ብሎት ፈረመ። ጎኑ ነበርኩ። አስተርጓሚ ምክር አይሰጥምና አፌን ይዤ ቁጭ አልኩ፣ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ያቺ አንድ ሺህ ዶላር ኑሮውን ሁሉ ይዛበት ሄደች። ከመፈረማችሁ በፊት፣ ከወንጀል ጠበቃው ሌላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። ከፈረማችሁ በኋላ ብትደውሉ ምን ላድርግላችሁ?

ቀሪዎቹን ባጭሩ። ኪሳራው በቅጣቱ ቀን ካልታወቀ ፍርድ ቤቱ በ90 ቀን ውስጥ ይወስናል፤ ቀኑ አለፈ ማለት ካሳው ቀረ ማለት አይደለም፣ በ2010 ያለቀ ክርክር ነው። ካሳው ዘግይቶ ከመጣ፣ በመጀመሪያው ፍርድ ላይ ያስገባችሁት ይግባኝ አይሸፍነውም፣ በ14 ቀን ውስጥ ሌላ የይግባኝ ማስታወቂያ አስገቡ። ካሳው በጋራና በነጠላ ከተባለ፣ ተባባሪህ ቢጠፋ ሙሉውን ካንተ ይጠይቃሉ። ባንክራፕሲ፣ ማለትም መክፈል አልቻልኩም ብሎ በፍርድ ቤት ከዕዳ መገላገል፣ ከዚህ ዕዳ አያወጣም።

ደግሞ ሥራ ስታጡ ዝም አትበሉ። አንዱ መኪናው ተበላሽቶበት ታክሲ መሥራት ሲያቆም የወር ክፍያውንም አቆመ፣ ለማንም ሳይናገር። ገቢ ሲቀየር ለፍርድ ቤቱ ማሳወቅ ይቻላል፣ ዳኛዋ የወሩን ክፍያ ልታስተካክል ትችላለች። እሱ ግን የፕሮቤሽን ኦፊሰሩን ስልክ ማንሳት ፈርቶ፣ መጨረሻ ላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ አስረዳ ተባለ።