ለቶርኖ እስክሪብቶ የሚሆን ሙጫ

በደብረ ብርሃንና በአካባቢው ወይራ ወይም ጽድ በቶርኖ (እንጨቱን እያሽከረከረ በሚያስቀርጽ ማሽን) እየቀረጻችሁ እስክሪብቶ የምትሠሩ፣ በእንጨቱ ቀዳዳ ውስጥ የሚጣበቀው የነሐስ ቱቦ ከጊዜ በኋላ ከእንጨቱ ተላቅቆ የሚሽከረከርባችሁ ከሆነ ሱፐር ግሉን ትታችሁ ከሁለት ብልቃጥ ተደባልቆ የሚሠራውን ኢፖክሲ ተጠቀሙ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ ተሰባሪ ስለሚሆን፣ እንጨቱ በክረምት እርጥበት አብጦ በበጋ ሲኮማተር ሙጫው ይሰነጠቃል፤ ይባስ ብሎም ቱቦው ገና ግማሽ ሳይገባ ይዞ ሊያስቀረው ይችላል። ኢፖክሲ ግን ክፍተት ይሞላል፣ ቱቦውን ቀስ እያሉ እያሽከረከሩ ለማስገባትም ፋታ ይሰጣል።

አስቀድማችሁ የቱቦውን ገጽ አንጸባራቂነቱ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት አሻክሩት፤ ወይራ ቅባታም ስለሆነ የእንጨቱን ቀዳዳ በአልኮል ጠርጋችሁ አድርቁት። ሙጫው ወደ ቱቦው ውስጥ እንዳይገባ የቱቦውን ጫፍ በስሱ የተቆረጠ ጥሬ ድንች ላይ ብትጫኑት ክብ ውታፍ ይዞ ይወጣል፤ ሙጫው ሲደርቅ ገፍቶ ማውጣት ነው። በእኛ ብርድ ኢፖክሲ ቶሎ ስለማይጠነክር፣ ማሸጊያው 5 ደቂቃ ቢልም እስከ ማግስቱ ሳትቀርጹት አቆዩት። የአናጺ ኮላ ውኃው በብረትና በእንጨት መካከል ስለሚታፈን ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ ሱፐር ግሉንም ለጥቃቅን ስንጥቅ መድፈኛ ብቻ አስቀምጡት።