ለበረዶ ተራራ ጫማ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በረዷማ ተራራ ላይ ጃኬት ቢሳሳ ሌላ ይደረባል። ጓንት ቢረጥብ ትርፍ ይወጣል። ጫማ ግን መንገድ ላይ አይቀየርም። እ.ኤ.አ. በ1950 ሂማላያ ውስጥ ባለው አናፑርና ተራራ ጫፍ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የደረሱት ሞሪስ ኤርዞግ እና ሉዊ ላሽናል በብርድ ጉዳት የእግር ጣቶቻቸውን በሙሉ አጥተዋል። ጥፋቱ የጫማ ብቻ አልነበረም፤ ነገር ግን እግር እንዲህ ባለ ቦታ ምን ሊደርስበት እንደሚችል ያሳያል። ዛሬ በጣም የተሻሉ ጫማዎች አሉ። ሰው የሚሳሳተው አመራረጡ ላይ ነው።

ጫማውን ከክራምፖኑ ለይቶ መግዛት

ከሁሉም የከፋው ስህተት ይሄ ነው፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ላስረዳ። ክራምፖን፣ ማለትም ሶሉ ስር የሚታሰረው ባለ ጥርስ ብረት፣ ሥራውን የሚሠራው ከጫማው ጋር አንድ ሆኖ ሲንቀሳቀስ ነው። ጫማው እየታጠፈ ብረቱ አልታጠፍ ካለ በየእርምጃው ይታገላሉ። መጨረሻው ወይ ክራምፖኑ ይወልቃል ወይ ብረቱ ይሰበራል። ሁለቱም የሚሆኑት ደግሞ ቁልቁለቱ ላይ፣ ክብደትዎ በሙሉ አንድ እግር ላይ ባረፈበት ሰዓት ነው።

ጫማዎች ከቢ0 እስከ ቢ3፣ ክራምፖኖች ደግሞ ከሲ1 እስከ ሲ3 የሚመደቡት ለዚህ ነው። ቢ0 ተራ የእግር ጉዞ ጫማ ነው፤ ለክራምፖን አይሆንም። ቢ1 በመጠኑ ይታጠፋል፤ በማሰሪያ ብቻ የሚታሰረውን ሲ1 ይይዛል፤ ለቀላል የበረዶ ጉዞ ይበቃል። ቢ2 ጠንከር ይላል፤ ተረከዙ ላይ የክራምፖኑ ማንሻ የሚነክሰው ጠርዝ ስላለው ሲ2ን ይቀበላል። ቢ3 ከናካቴው አይታጠፍም። ከፊትም ከኋላም ጠርዝ አለው፤ ቀጥ ያለ በረዶ ለመውጣት የሚሠራው ሲ3 የሚታሰረው እሱ ላይ ነው። ጠንካራ ጫማ ቀለል ያለውን ክራምፖን ይቀበላል። የተገላቢጦሹ አይሠራም።

ደረጃው ገጠመ ማለት ግን ቅርጹ ገጠመ ማለት አይደለም። የአንዱ ሶል ቀጥ ያለ ነው፣ የሌላው ወደ ውስጥ ይጎብጣል። ስለዚህ ክራምፖንዎን ይዘው ይሂዱና እዚያው ሱቁ ውስጥ ይግጠሙት። የፊት ሽቦ ካለው፣ ሽቦው ከጠርዙ ጋር ልክክ ማለት አለበት። የተረከዝ ማንሻ ካለው፣ ሲዘጋ ጠንከር ያለ ግፊት ሊጠይቅ ይገባል። ከዚያ የቁርጭምጭሚቱን ማሰሪያ ሳያስሩ ጫማውን አንስተው በደንብ ያራግፉት። ክራምፖኑ ከላላ ወይም ከተንቀጫቀጨ ያ ጫማና ያ ክራምፖን አብረው አይሄዱም፤ ሌላ ይሞክሩ።

ቁጥሩን ብቻ አይቶ መውሰድ

የአንዱ ፋብሪካ 42 የሌላው 43 ሊሆን ይችላል። እግር ቀን ሲውል ያብጣል፤ ስለዚህ ጠዋት ሳይሆን ወደ ማታ ይለኩ። ተራራ ላይ የሚያደርጉትን ካልሲ ይልበሱ። ክሩን እስከ ላይ አስረው ወደ ላይ ያዘነበለ ነገር ላይ ይቁሙና ይራመዱ፤ ተረከዝዎ እየተነሳ የሚፋተግ ከሆነ ከሰዓታት በኋላ ቆዳው ይላጣል። ቀጥሎ ቁልቁል ይውረዱ። በመጨረሻም በጫማው አፍንጫ ግድግዳውን ደጋግመው መታ መታ ያድርጉ። በረዶ መውጣት ማለት ይህንን ቀኑን ሙሉ ማድረግ ነው። ጣትዎ ጫፉን ከነካ ጥፍርዎ መጥቆሩ አይቀርም።

«ሲያደርጉት ይለቃል» የሚል ሻጭ አይጠፋም። ጎኑ ትንሽ ሊለቅ ይችል ይሆናል፤ ርዝመቱ ግን አይለቅም።

ለብርዱ ብሎ ካልሲ መደራረብ

የጠበበ ጫማ ውስጥ ሁለት ወፍራም ካልሲ ማድረግ እግርን ያቀዘቅዛል። የጣትን ሙቀት የሚያመጣው ደም ነው፤ ሲጨመቅ ደሙ አይደርስም። ደረብ ማድረግ ካሰቡ ጫማውን ሲለኩ ያንኑ ደርበው ይለኩ።

«ከባዱ ይሻላል» ማለት

ብዙ ጀማሪ ለሂማላያ የተሠራ ጫማ ገዝቶ በበጋ አልፕስ ላይ ላብ በላብ ይሆናል። እግር ላይ ያለ ክብደት ጀርባ ላይ ካለው ይበልጥ ያደክማል፤ በየእርምጃው ይነሳላ! ለአንድ ቀን የበረዶ ፏፏቴ ወይም ለበጋ የአልፕስ ጉዞ ውስጡ የማይወጣ፣ ግን ሙቀት የሚይዝ ጫማ ይበቃል። በረዶ ላይ ለብዙ ቀናት የሚታደር ከሆነ፣ ለምሳሌ ቁመቱ 6,190 ሜትር በሆነው የአላስካ ተራራ ዴናሊ ላይ፣ ነገሩ ይለወጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ውስጡ የሚወጣ ድርብ ጫማ ነው። በላብ የረጠበውን የውስጥ ጫማ አውጥተው መኝታ ከረጢትዎ ውስጥ ይዘውት ያድራሉ፤ ጠዋት ሞቅ ብሎ ይጠብቅዎታል። ውስጡ የማይወጣ ጫማ እንደረጠበ ካደረ ግን ጠዋት በረዶ ሆኖ ያገኙታል።

ሶሉን አምኖ መሄድ

እ.ኤ.አ. በ1935 በጣሊያን አልፕስ ስድስት ሰዎች ሞቱ። ለአደጋው በከፊል ምክንያት የተባለው ጫማቸው ነበር። አብሯቸው የነበረው ጣሊያናዊ ተራራ ወጪ ቪታሌ ብራማኒ ከዚያ በኋላ ነው ዛሬ ቪብራም የምንለውን ባለ ጥርስ የጎማ ሶል የሠራው። ሶሉ ድንጋይ ላይ ግሩም ነው። ጠጣር በረዶ ላይ ግን ጎማ ምንም ያህል ጥርስ ቢኖረው ይንሸራተታል። «ትንሽ ናት፣ እንዲሁ እሻገራታለሁ» ብለው ክራምፖን ሳያስሩ አይግቡ።

መልኩ አዲስ የሆነ አሮጌ ጫማ መግዛት

ሁለተኛ እጅ ጫማ ቁጠባ ነው፤ ሳይመረምሩ ከወሰዱት ግን አደጋ አለው። ከፖሊዩሬቴን፣ ማለትም ከስፖንጅ መሰል ፕላስቲክ፣ የተሠራ የሶሉ መሃል ክፍል ከአየር እርጥበት እየወሰደ ከውስጥ ይበሰብሳል። ይህ የሚሆነው ጫማው ካርቶን ውስጥ ተቀምጦም ቢሆን ነው። የድሮ የፕላስቲክ ጫማም ሲያረጅ ይደርቅና ምልክት ሳይሰጥ ይሰነጠቃል። መቼ እንደተሠራ ይጠይቁ። የሶሉን ጎን በአውራ ጣትዎ ጫን ይበሉት። ከተሰነጠቀ፣ ዱቄት ከለቀቀ ወይም ተጭኖ ከቀረ ይተዉት። ፕላስቲክ ከሆነ መታጠፊያው አካባቢና ክሩ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች ዙሪያ ቀጭን ስንጥቅ ይፈልጉ። ምንም ባያገኙ እንኳ የመጀመሪያውን ቀን ከመኪና መንገድ ሳይርቁ ይሞክሩት።