ቤሪሊየምን ሳይነኩ ጠባዩን በጎረቤቶቹ መፈተን

ቤሪሊየም በፔሪዮዲክ ሠንጠረዡ በሁለተኛው ምድብ አናት ላይ ቢቀመጥም፣ ጠባዩ ከምድቡ ይልቅ ወደ አልሙኒየም ያደላል። ይህን ለማሳየት ሜታሉን ራሱን ወደ ማስተማሪያ ቤተ ሙከራ ማስገባት አይገባም፤ ብናኙ በትንፋሽ ከገባ ሳንባን ለዘለቄታው ይጎዳል፣ ካንሰርም ያመጣል። በካልሲየም፣ በማግኒዥየምና በአልሙኒየም ሥሩ። የዓይን መከላከያ መነጽር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይውለቅ።

በሁለት የሙከራ ቱቦዎች 10 ሚሊ ሊትር ቀዝቃዛ ውሃና ሁለት ሁለት ጠብታ ፊኖልፍታሊን (ቤዝ ሲያገኝ ሮዝ የሚሆን ጠቋሚ ፈሳሽ) ጨምሩ። በአንዱ እስኪያብለጨልጭ በብርጭቆ ወረቀት የተፈተገ 3 ሴንቲ ሜትር የማግኒዥየም ጥብጣብ፣ በሌላው ከ0.1 ግራም የማይበልጥ ካልሲየም በወረንጦ ክተቱ። የቱቦዎቹን አፍ አትድፈኑ፤ ሃይድሮጅን ይወጣል። ካልሲየሙ ወዲያው አረፋ ያወጣል፣ ውሃውም ይደፈርሳል። በማግኒዥየሙ ዙሪያ ግን ሮዝ ቀለም የሚታየው ቀስ ብሎ ነው። ካልሲየሙ ዝም ካለ አየር አግኝቶት ገጹ ነጭ ሽፋን ለብሷል ማለት ነው። ቤሪሊየም ቢሆን በስስ ኦክሳይዱ ተሸፍኖ፣ ግሎ እንኳ ለእንፋሎት አይበገርም።

ምክንያቱ ኤሌክትሮኖቹ ላይ ነው። ሁለቱን የውጭ ኤሌክትሮኖች ለመንቀል ለካልሲየም ወደ 1,735፣ ለማግኒዥየም ወደ 2,190፣ ለቤሪሊየም ግን ወደ 2,660 ኪሎጁል በሞል ያስፈልጋል። የቤሪሊየም አተም ትንሽ ስለሆነ ኒውክሊየሱ ኤሌክትሮኖቹን አጥብቆ ይይዛል።

ዋናው ፈተና ቀጥሎ ያለው ነው። የማግኒዥየም ክሎራይድና የአልሙኒየም ክሎራይድ ሙሙቶችን፣ መጠናቸው 0.1 ሞል በሊትር የሆነ፣ 2 ሚሊ ሊትር በየቱቦው አድርጉ። 2 ሞል በሊትር የሆነ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ በጠብታ ጨምሩ፣ በየጠብታው ቱቦውን ነቅንቁ። በሁለቱም ነጭ ዝቃጭ ይፈጠራል። መጨመሩን ስትቀጥሉ የአልሙኒየሙ ይሟሟል፣ የማግኒዥየሙ ግን አይሟሟም። የቤሪሊየም ሃይድሮክሳይድም እንደ አልሙኒየሙ ነው፤ በአሲድም በጠንካራ ቤዝም ይሟሟል። ብዙ ሰው እዚህ ይሳሳታል፦ ቤዙን፣ ማለትም ሶዲየም ሃይድሮክሳይዱን፣ በአንድ ጊዜ ካፈሰሳችሁ ዝቃጩ ሳይታይ ያልፋል፤ በአሞኒያ ከተካችሁት ደግሞ የአልሙኒየሙ ዝቃጭ አይጠፋም።

በመጨረሻ 2 ሴንቲ ሜትር በ2 ሴንቲ ሜትር የሆነ የአልሙኒየም ፎይል በ5 ሚሊ ሊትር በዚያው ቤዝ ውስጥ አድርጉ። መጀመሪያ ጸጥ ይላል፤ ኦክሳይዱ ሲሟሟ አረፋው ይጀምራል፣ ቱቦውም ይሞቃል። ፎይሉን አታብዙ፤ ሙቀቱ አረፋውን ሲያፋጥነው ቤዙ ገንፍሎ ዓይንና ቆዳ ያቃጥላል። ቤሪሊየምም ከጠንካራ ቤዝ ጋር ሃይድሮጅን ይሰጣል፣ ማግኒዥየም ግን አይሰጥም።

ተመሳሳይነቱ ወሰን አለው፦ ቤሪሊየም የሚያጣው ሁለት ኤሌክትሮን፣ አልሙኒየም ሦስት ስለሆነ ቀመሮቻቸው አይለዋወጡም። በሪፖርታችሁም የቤሪሊየሙን ረድፍ «በንጽጽር የተገመተ» ብላችሁ ጻፉ እንጂ እንደ ተመለከታችሁት ውጤት አትመዝግቡት።